ለመጀመሪያ ደሞዝ የሚገዛ ሰንጢ

ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ቡና እየጠጣችሁ አንብቡት።

ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ተማሪዬ በሜሴንጀር ጻፈልኝ። ግብርና ተምሮ፣ ተመርቆ፣ አሁን የአቮካዶና የማንጎ ችግኝ የሚዳቀልበት ጣቢያ ሥራ ጀምሯል። «ቲቸር፣ የመጀመሪያ ደሞዜን ተቀበልኩ። ለሥራዬ የሚሆን አንድ ጥሩ ሰንጢ መግዛት እፈልጋለሁ። ከገበያ የገዛኋቸው ሁለቱ ወር ሳይሞላቸው ወላለቁ። አጎቴ ከአውሮፓ ሊመጣ ነው፤ ምን አምጣልኝ ልበለው? እርስዎ ያኔ ስለ ሼፊልድ ሲያስተምሩን ስለ ቢላ ብዙ ያወሩ ነበር» ይላል።

ሳቅሁ። እኔ የታሪክ አስተማሪ ነኝ እንጂ ቢላ ሻጭ አይደለሁም። ግን ልጁ ልክ ነው፤ ስለ ቢላ ብዙ አወራለሁ። ሊዮን የምትኖር የአክስቴ ልጅ ከዓመታት በፊት አንድ የፈረንሳይ ሰንጢ ካመጣችልኝ ጀምሮ ነገሩ ይዞኛል። መልሱን ለመጻፍ ስቀመጥ ግን እጄ ተያዘ። ለምን እንደተያዘ መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

እስቲ ከቃሉ እንጀምር። «ሰንጢ» ሲባል ምን ይመጣባችኋል? እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ለብዙዎቻችን የሚመጣብን የጨለማ መንገድ፣ ዘራፊ፣ የሰፈር ጠብ ነው። «ሰንጢ ይዟል» ከተባለ ሰውዬው ክፉ ነው ማለት ነው። ወጥ ቤት ያለው ቢላ ግን የሰንጢውን ሦስት እጥፍ ያህላል፤ እሱን ማንም በክፉ አያነሳውም። ሰንጢ ታጥፎ ኪስ ስለሚገባ ብቻ ስሙ ጠፋ።

ታጣፊ ቢላ የተፈጠረው ግን ለመደበቅ አልነበረም። ጥያቄው ቀላል ነበር፤ ስለት ያለው ነገር ልብስህን ሳይቀድ፣ ጭንህን ሳይቆርጥ እንዴት ይዘኸው ትውላለህ? አንዱ መልስ አፎት ነው። ሌላው መልስ እጀታውን ራሱን አፎት ማድረግ ነው። ሰንጢ ማለት በቃ ይሄ ነው፤ እጀታው አፎት የሆነለት ቢላ።

ሐሳቡም ጥንታዊ ነው። ኦስትሪያ ውስጥ ሃልሽታት በምትባል የጨው ማዕድን መንደር የአጥንት እጀታ ያለው ታጣፊ ቢላ ተገኝቷል፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ600 እስከ 500 ዓመት ገደማ የተሠራ ነው ይባላል። እንግሊዝ አገር ካምብሪጅ ባለው የፊትዝዊልያም ሙዚየም ደግሞ የሮማውያን ዘመን ዕቃ አለ፤ ማንኪያ፣ ሹካ፣ ቢላና ሹል መውጊያ በአንድ የብር እጀታ ላይ የሚታጠፉበት። የስዊስ ቢላ አያት ማለት ነው!

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉልኝ፤ ኋላ ላይ እመለስበታለሁ። እንግሊዞች ትንሽ ሰንጢን የሚጠሩበት ስም ቃል በቃል «የብዕር ቢላ» ማለት ነው። የላባ ብዕር በየጊዜው መቀረጽ ስላለበት ጸሐፊ ሁሉ ትንሽ ቢላ ነበረው። እኛም ዘንድ የብራና ጸሐፊ መቃውን ብርዕ የሚያደርገው በስለት ቀርጾ ነው። ስለትና ትምህርት የቆየ ዝምድና አላቸው።

የመጀመሪያው መልስ፦ በጭብጭብ ብቻ የሚቆም

የድሮው ታጣፊ ቢላ ምንም ሞላ የለውም። እንጨት ወይም ቀንድ ይሰነጠቃል፣ ስለቱ ይገባበታል፣ አንድ ምስማር ይመታበታል፤ አለቀ። ስለቱን ከፍቶ የሚያቆየው የመጋጠሚያው ጥብቀትና የያዘው ሰው እጅ ነው። ርካሽ ነው፣ ማንም ገበሬ ይገዛዋል። ችግሩ ግን መጋጠሚያው ከላላ ስለቱ ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል፤ ሲብስም በጣት ላይ ይዘጋል። ተማሪዬ ከገበያ የገዛቸው ሁለቱ በምን እንደሞቱ ጠይቄው ነበር። «ምስማሩ ላላ» አለኝ። ያው የድሮው በሽታ ነው።

ሁለተኛው መልስ፦ ሞላ

ሁለተኛው መልስ ስሟን ያሰማው እንግሊዝ አገር ሼፊልድ ላይ ነው። ሼፊልድ ኮረብታ ላይ ያለች፣ ጅረት የበዛባት ከተማ ናት፤ ጅረቱ የሞረድ ድንጋይ ያዞራል። ቢላዋ ድሮም የታወቀ ነው፤ በ14ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ገጣሚ ቾሰር እንኳ አንዱን ባለ ወፍጮ የሼፊልድ ቢላ አስይዞታል። በ1624 የከተማዋ ቢላ ሠሪዎች በፓርላማ አዋጅ የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ።

በዚያው በ17ኛው ክፍለ ዘመን በእጀታው ጀርባ ቀጭን የብረት ሞላ ያለው ሰንጢ ተስፋፋ። የመኪና ባሌስትራ አይታችኋል አይደል? እሱን በጣት ልክ አሳንሱት። ስለቱ ሲከፈት ሞላው ከታች ደግፎ ይይዘዋል፤ ሲታጠፍ ደግሞ ጎትቶ «ጧ!» አድርጎ ይዘጋዋል። ከአሁን በኋላ ሁሉንም ነገር ምስማሩ ብቻ አይሸከምም።

ሞላ ግን ጥሩ ብረት ይፈልጋል። እዚህ ጋ ክፍል ውስጥ ደጋግሜ የማወራው ቤንጃሚን ሃንትስማን ይመጣል። ሃንትስማን ሰዓት ሠሪ ነበር። የሰዓት ሞላ እየተሰበረበት ሲቸገር በ1740ዎቹ ብረቱን በሸክላ ማቅለጫ ውስጥ ሙሉ በሙሉ አቅልጦ ወጥ የሆነ ስቲል አወጣ። የሼፊልድ ቢላ ሠሪዎች መጀመሪያ «ይሄማ በጣም ጠንካራ ነው፣ አንሠራበትም» አሉት ይባላል። እሱም ለፈረንሳዮች ሸጠ። የፈረንሳይ ቢላ ተመልሶ ገበያቸውን ሲሻማባቸው ነው የገዛ ከተማቸውን ብረት የተቀበሉት። ነቢይ በአገሩ አይከበርም የሚባለው ለብረትም ይሠራል።

ይሄ ብልጫ ያለ ዋጋ አልመጣም። ሼፊልድ ውስጥ ደረቅ ድንጋይ ላይ የሚሞርዱ ሠራተኞች አቧራው ሳንባቸውን እየበላው በወጣትነታቸው ይሞቱ ነበር። የፈረንሳይዋ የቢላ ከተማ ቲየር ውስጥ ደግሞ ሞራጆቹ ይሠሩ የነበረው በሆዳቸው ተኝተው ነው፤ ዱሮል በሚባለው ወንዝ በሚዞር ድንጋይ ላይ ጣውላ ተነጥፎ፣ እነሱ በደረታቸው ተዘርግተው ቀኑን ሙሉ ይሞርዱ ነበር። ከድንጋዩ የሚረጨው ቢጫ ጭቃ ልብሳቸውን ስለሚያቀልመው «ሆደ ቢጫዎች» ይባሉ ነበር። ብርዱን ለመቋቋም ውሻቸውን እግራቸው ላይ ያስተኙ ነበር፤ በፎቶግራፍም ይታያል።

እኛ አገር ደግሞ ለቀጥቃጩ ስድብ ተጨመረለት። ማረሻውን ሠርቶ የሚያበላንን ሰው «ቡዳ» አልነው። ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት ደርሰዋል። ዛሬም ከመኪና ባሌስትራ ቀጥቅጦ ቢላ የሚያወጣ ባለሙያ በየገበያው አለ። ባሌስትራ ጥሩ ስቲል ነው፤ በደንብ ከተሠራ አፉ ይይዛል። ስለዚህ የማይታጠፍ ቢላ ከፈለጋችሁ ወደ አውሮፓ አትላኩ፣ እሱ ጋ ሂዱ። ታጣፊው ግን ሞላና መጋጠሚያው በፀጉር ልክ መገጣጠም ስላለበት ሌላ ዓይነት መሣሪያ ይጠይቃል።

ሦስተኛው መልስ፦ ቀለበት

ሞላውም ቢሆን ጉድለት አለው። በስለቱ ጀርባ ከተጫንከው ወይም በጫፉ ከወጋህበት ሞላው ይሸነፍና ስለቱ በጣትህ ላይ ይዘጋል።

በ1890 ሳቮይ በሚባለው የፈረንሳይ ተራራማ አገር፣ አልቢዬ አካባቢ፣ ጆሴፍ ኦፒኔል የተባለ የ18 ዓመት ልጅ በአባቱ ቀጥቃጭ ቤት አንድ ሰንጢ ሠራ። ቀላል ነው፤ ክብ የእንጨት እጀታ፣ አንድ ስለት፣ አንድ ምስማር፣ አንድ የብረት አንገት። ሞላ የለውም። በ1897 ከቁጥር 1 እስከ ቁጥር 12 በየመጠኑ አወጣው። የገዙት እነማን ናቸው? እረኞች፣ ወይን ገበሬዎች፣ የባቡር ሠራተኞች። በ1955 ማርሴል ኦፒኔል አንገቱ ላይ የሚሽከረከር ቀለበት ጨመረበት። ስለቱን ከፍተህ ቀለበቱን ስታዞረው የመታጠፊያውን መንገድ ይዘጋዋል፤ ስለቱ ጣት ላይ አይዘጋም። ትልቅ ችግር በአንዲት የቆርቆሮ ቀለበት ተፈታ።

ስለቱ ላይ ያለው ምልክት ዘውድ የጫነች እጅ ናት። እጇ ከአካባቢው ከተማ ከሳን ዣን ደ ሞሪየን አርማ የተወሰደች ናት፤ ሳን ዣን ማለት ቅዱስ ዮሐንስ ማለት ነው። የመጥምቁ ዮሐንስ ጣቶች በዚያች ከተማ ካቴድራል እንዳሉ ስለሚታመን ነው በጣት የምትባርክ እጅ አርማዋ የሆነችው። ዘውዱ የሳቮይ መስፍንነት ነው። የእኔው ቁጥር 8 ላይም አለች፤ በየመስከረሙ ቅዱስ ዮሐንስን ለምናከብር ለእኛ ባዕድ አይደለችም።

ጉድለቱንም ልንገራችሁ። እጀታው እንጨት ስለሆነ ውሃ ሲጠጣ ያብጥና ስለቱን ይነክሰዋል። የአገሩ ሰዎች ያኔ በጥፍር አይታገሉም፤ የእጀታውን ጫፍ ጠረጴዛ ላይ «ቋ» ሲያደርጉት ስለቱ ራሱ ብቅ ይላል። በክረምት ደጋግሜ ሞክሬዋለሁ፣ ይሠራል!

ስም ያላት መንደርና ስሟን ያጣች መንደር

ኢባኽ በስዊዘርላንድ ሽቪትስ ያለች መንደር ናት። ካርል ኤልስነር በ1884 የቢላ ሥራ ቤት ከፈተባት። ሥራ ጠፍቶ ወጣቱ ወደ ውጭ የሚሰደድበት ዘመን ነበር። የስዊስ ጦር ለወታደሮቹ ጠመንጃ መፍቻ ካቻቢቴ፣ ጣሳ መክፈቻ፣ ወስፌና ስለት ያለው ሰንጢ ሲፈልግ የመጀመሪያውን 15,000 ያዘዘው ከጀርመኗ ዞሊንገን ነው፤ አገር ውስጥ ያንን ያህል የሚችል አልነበረም። ኤልስነር ባልደረቦቹን አሰባስቦ በ1891 ለጦሩ ማቅረብ ጀመረ። ጀርመኖቹ ግን በርካሽ ሸጡበት። ባልደረቦቹ ጥለውት ወጡ፣ እሱም ሊከስር ምንም አልቀረው፤ ዘመዶቹ ደግፈው አቆሙት። በ1897 አንዱን ሞላ በሁለት በኩል እንዲሠራ አድርጎ ቀለል ያለውን «የመኮንን ቢላ» አስመዘገበ። እናቱ ቪክቶሪያ በ1909 ስታርፍ ስሟን ለድርጅቱ ሰጠ። በ1921 የማይዝግ ብረት መጠቀም ሲጀምሩ በፈረንሳይኛ የማይዝግ ማለት የሆነው «ኢኖክስ» ተጨመረና ቪክቶሪኖክስ ሆነ።

ላጊዮል ደግሞ በደቡብ ፈረንሳይ ያለች መንደር ናት፤ አገሬው «ላዮል» ይላታል። ቀጭን ወገብ ያለው፣ ሞላው ላይ ንብ የተቀረጸበት ቆንጆ ሰንጢ ከ1829 ጀምሮ በእነ ፒየር ዣን ካልሜል ስም ይነሳል። ወስፌ ተጨመረለት ለከብት ጠባቂው፤ ቡሽ መንቀያ ተጨመረለት ለወይን ቀጂው። ግን «ላጊዮል» የሚለው ስም ለረጅም ጊዜ የመንደሯ ብቻ ሆኖ በሕግ አልተጠበቀም ነበር። ማንም ሰው በማንኛውም አገር በርካሽ ብረት ሠርቶ «ላጊዮል» ብሎ ይጽፍበት ነበር። ይባስ ብሎ በ1993 ከመንደሯ ያልሆነ ነጋዴ ስሙን ለብዙ ዓይነት ዕቃ የንግድ ምልክት አድርጎ አስመዘገበው። በ2012 የመንደሯ ሰዎች በተቃውሞ የመንደራቸውን ስም ታፔላ ነቀሉ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል እንላለን፤ እነሱ ደግሞ በቁማቸው ስማቸውን ተነጠቁ።

ስለዚህ አንደኛው ትምህርት ይሄ ነው፤ ስም አይቆርጥም። ማርክ ትዌይን በቶም ሶየር ልብ ወለዱ ላይ ቀልዶበታል። ቶም ጥቅስ በቃሉ ስላጠና «ባርሎ» የሚባል ሰንጢ ይሸለማል፤ ምንም አይቆርጥም፣ ግን ባርሎ በመሆኑ ብቻ ልጁ በደስታ ያብዳል። ስንቶቻችን እንደዚያ ገዝተናል!

እንግዲህ ምርጫው

ወንድሜ፣ አጎትህን ከማዘዝህ በፊት እነዚህን አስብ። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል።

1. መጀመሪያ ሥራህን እወቅ። የአንተ ሥራ ቅርንጫፍ በአንድ ንጹህ ምት መቁረጥ ነው። የተቦጫጨቀ ቅርንጫፍ አይያያዝም። ስለዚህ ቀጭን፣ በጣም ስል ስለት ያስፈልግሃል። ሃያ መሣሪያ ያለው ወፍራም ነገር አትግዛ፤ ኪስህን ያወፍራል እንጂ አቮካዶ አያዳቅልም። ለመጀመሪያ አንድ ወይም ሁለት ስለት ይበቃል።

2. ብረቱን ምረጥ። ካርቦን ስቲል በቀላሉ ይሳላል፣ ግን ካላደረቅከው ይዝጋል፤ ሎሚ ቆርጠህ ብትረሳው በማግስቱ ጠቁሮ ታገኘዋለህ። የማይዝገው፣ ሼፊልዳዊው ሃሪ ብሪርሊ በ1913 የደረሰበት ብረት ደግሞ እርጥበት ይችላል። አንተ ከዛፍ ወደ ዛፍ በሽታ እንዳታዛምት ስለትህን በአልኮል ወይም በበረኪና ትጠርጋለህ። በረኪና ካርቦን ስቲልን ይበላዋል። ስለዚህ ለአንተ የማይዝገው ይሻላል። እቤት ተቀምጦ እንጨት ለሚቀርጽ ሰው ግን ካርቦኑን እመክራለሁ።

3. መጠኑ። ስለቱ ከ6 እስከ 8.5 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል። ኦፒኔል ቁጥር 8 ስለቱ 8.5 ሳንቲ ሜትር ነው። እጀታው አራቱንም ጣትህን ማስያዝ አለበት።

4. መጋጠሚያውን ፈትሽ። ከፍተህ ስለቱን በሁለት ጣት ይዘህ ወደ ጎን ነቅንቀው፤ ከተወዛወዘ አትግዛው። ባለ ሞላ ከሆነ ወደ ብርሃን አንሳው፤ በሞላውና በጎኖቹ መካከል ብርሃን ካለፈ አገጣጠሙ ላልቷል። ሲዘጋ ስለቱ መሐል ላይ መቀመጥ አለበት፤ ጎኑን ከተደገፈ ጠማማ ነው። ድምፁንም ስማ፤ ጥርት ያለ «ጧ» ጥሩ ነው፣ ደካማ «ቅጭ» ጥሩ አይደለም።

5. የት እንደተሠራና ማን እንደሠራው የተጻፈበት ይሁን። «ላጊዮል» ብቻ ከተባለ የሠሪውን ስም ጠይቅ። የሚያኮራ ሥራ የሠራ ሰው ስሙን አይደብቅም።

6. ሞላ ወይስ ቁልፍ? ተጭነህ የምትሠራ ከሆነ ቀለበት ወይም ሌላ ቁልፍ ያለው ይሻላል። ፍራፍሬ ለመላጥ፣ ገመድ ለመቁረጥ ባለ ሞላው ይበቃል፤ ብቻ በጫፉ አትውጋበት።

7. መሳያ ድንጋይ አብረህ ግዛ። ያለ ድንጋይ የተገዛ ሰንጢ ያለ ነዳጅ እንደተገዛ ሞተር ነው። ስለቱን ከ15 እስከ 20 ዲግሪ አዘንብለህ በሁለቱም ጎን እኩል ሳለው፤ በመጨረሻ ቀበቶህ ጀርባ ላይ ጎትተው። የማዳቀያ ቢላ ከሆነና በአንድ ጎን ብቻ የተሳለ ከሆነ ግን በዚያው ጎን ብቻ ሳለው። መጋጠሚያው ላይ አልፎ አልፎ አንድ ጠብታ ዘይት። የደነዘዘ ቢላ ከስለታሙ የበለጠ ሰው ይጎዳል፤ ምክንያቱም በጉልበት ትገፋዋለህ።

በቁርጥ ንገረኝ ካልከኝ፦ የማይዝገው ኦፒኔል ቁጥር 8፣ ወይም ከቪክቶሪኖክስ ለችግኝ ማዳቀያ ተብለው ከተሠሩት ታጣፊዎች አንዱ። ሁለቱም የሀብታም ዕቃ አይደሉም፤ ለሠራተኛ የተሠሩ ናቸው። ጥራት ማለት ውድነት እንዳልሆነ ከታሪካቸው አይተሃል።

ለአጎትህና ውጭ አገር ላላችሁ ደግሞ፦ አውሮፕላን ላይ በእጅ ሻንጣ አትያዙት፤ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አድርጉት። ከ2001 የመስከረም ጥቃት በኋላ ኤርፖርቶች ሲያጠብቁ የቪክቶሪኖክስ ገበያ ራሱ ክፉኛ ወድቆ ነበር። ያላችሁበትን አገር ሕግም እዩ። ለምሳሌ እንግሊዝ ውስጥ ያለ በቂ ምክንያት ይዞ መውጣት የሚፈቀደው የማይቆለፍና ስለቱ ከ3 ኢንች (7.62 ሳንቲ ሜትር) የማይበልጥ ታጣፊ ነው። ባለ ቀለበቱ ኦፒኔል እዚያ አይገባም።

አሁን ቃል ወደገባሁት

ጃፓን ውስጥ ሂጎኖካሚ የሚባል ሰንጢ አለ። ከ1890ዎቹ ጀምሮ በተለይ ሚኪ በምትባል ከተማ ሲሠራ የኖረ፣ ከታጠፈ ቆርቆሮ ወይም ነሐስ እጀታው የተሠራ፣ ሞላ የሌለው ቀላል ዕቃ። የጃፓን ተማሪ እርሳሱን የሚቀርጸው በእሱ ነበር። በጥቅምት 1960 የሶሻሊስት ፓርቲው መሪ ኢኔጂሮ አሳኑማ ቶኪዮ ውስጥ መድረክ ላይ ንግግር እያደረጉ በ17 ዓመት ልጅ ተወግተው ተገደሉ። ካሜራ ፊት ነበር፤ አገሩ ሁሉ ደነገጠ። «ልጆች ስለት አይያዙ» የሚል ዘመቻ ተነሳ። ልጁ የገደለባቸው ግን በአጭር ጎራዴ ነው። በሰንጢ አይደለም። ዕዳውን የከፈለው እርሳስ መቅረጫው ሆነ። ሂጎኖካሚ ከየደብተር ቦርሳው ወጣ፣ ሠሪዎቹም አንድ በአንድ ዘጉ፤ ዛሬ በዚያ ስም የሚሠራው አንድ ቤት ብቻ ነው።

ይሄን ታሪክ ሳነብ የራሴ መሳቢያ ትዝ አለኝ።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት ነው። ማስተማር ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴ ነበር። የዘጠነኛ ክፍል ሆም ሩም ነበርኩ። ጠዋት በር ላይ ፍተሻ ሲደረግ ከአንድ ተማሪዬ ቦርሳ ሰንጢ ወጣ። ልጁ ከገጠር መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማር ነው፤ ቅዳሜ ሄዶ እሑድ ስንቁን ተሸክሞ የሚመለስ። «ቲቸር፣ የአባቴ ነው። እርሳስ መቅረጫዬ ነው» አለኝ። አላዳመጥኩትም። በተማሪ ፊት «ዱርዬ» አልኩት። «ወላጅ አምጣ» ብዬ ሰንጢውን መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍኩት። ሁለት ሳምንት ቀረ። ተመልሶ ሲመጣ ወላጅ አላመጣም፤ እኔም አልጠየቅኩትም፤ እሱም ሰንጢውን አልጠየቀኝም። ዓመቱ ሲያልቅ ከዚያ ትምህርት ቤት ለቀቀ። የት እንደሄደ አላውቅም።

ሰንጢ ይዞ ትምህርት ቤት አይገባም፤ ሕጉ ልክ ነው፣ ዛሬም ባገኝ እወስደዋለሁ። ስህተቴ መውሰዴ አይደለም። ልጁን መሳደቤና ዕቃውን አለመመለሴ ነው።

ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ደግሞ ሌላ ነው። እኔ የታሪክ አስተማሪ ነኝ። «ዕቃ ይናገራል፣ አንብቡት» ብዬ አስተምራለሁ። ከብዙ ጊዜ በኋላ መሳቢያውን ሳጸዳ ሰንጢውን አውጥቼ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። እጀታው ቀንድ ነው፤ አውራ ጣት የሚያርፍበት ቦታ ጎድጎድ ብሏል። ስለቱ ለዓመታት ተስሎ ተስሎ መሐሉ እንደ ጨረቃ ጎብጧል። ጫፉ ደግሞ ሆን ተብሎ በሞረድ ተከርክሞ ክብ ሆኗል። ጫፉ ክብ የሆነ ሰንጢ ሰው አይወጋም። አንድ አባት ልጁ ራሱንም ሰውንም እንዳይወጋ ብሎ የሞረደው ነው። መልሱ ሁሉ እጄ ላይ ነበር፤ አላነበብኩትም።

እና ወንድሜ፣ ለዚህ ነው መልስህን ለመጻፍ ሳምንት የፈጀብኝ። ሰንጢ በስሙም በዝናውም አይመዘንም፤ በሠራው ሥራ ነው። ሰንጢህ ሲመጣ ሥራበት፤ ከሃያ ዓመት በኋላ አውራ ጣትህ የት እንዳረፈ እጀታው ይናገር።

እናንተም ቤት የአባት ወይም የአያት ሰንጢ ካለ ፎቶውን ኮሜንት ላይ አሳዩን፤ ምን ሲሠራበት እንደኖረም ጻፉልን።

አንተ ደግሞ ያኔ ዘጠነኛ ክፍል የነበርከው ልጅ፣ ይሄን ካነበብክ ራስህን ታውቃለህ። ይቅርታ አድርግልኝ። ሰንጢህ እኔ ጋ ነው። ዝገቱን ጠርጌ ዘይት ቀብቼዋለሁ። አልሳልኩትም፤ የአባትህን አሳሳል ማበላሸት አልፈለግኩም። በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፤ ያለህበት ድረስ አመጣልሃለሁ።